የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራችን ውጤቱ በማስረጃ ይመዘን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ ዙሪያ ስለሚካሄዱ የተፈጥሮ ሀብትና የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራዎች በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ዘገባዎች በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሙያዬም የእንስሳት ጤና ስለሆነ፣ የከተማው ጠርዝ ከገበሬው ማሳ ጋር በሚገናኝበት በዚህ አካባቢ ከብቱ፣ አህያው፣ ውሻው፣ ጅቡና ጥንብ አንሳው ኑሯቸው እንዴት እንደተሳሰረ በሥራዬ አጋጣሚ አያለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዘገባዎቹ የተሠራውን በዝርዝር ሲነግሩን የተገኘውን የማይነግሩን መሆናቸው ነው። ስንት ችግኝ እንደተተከለ፣ ስንት ሄክታር መሬት እንደታጠረ፣ ስንት ሰው የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንደወሰደ በቁጥር እናነባለን። በዚያ ችግኝ፣ በዚያ አጥርና በዚያ ሥልጠና የተነሣ አንድ የዱር እንስሳ ዝርያ በዛ ወይ፣ መመናመኑ ቆመ ወይ፣ ወይስ ነገሩ እንደነበረ ቀጠለ የሚለው ግን አይጻፍም፤ የማይጻፍበትም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ማንም ስላልለካው ነው።

በእኛ ሙያ የታደለውን የመድኃኒት ጠርሙስ ቆጥሮ ይህን ያህል ከብት አድኛለሁ የሚል ባለሙያ ሪፖርቱን የሚቀበለው የለም። የሚቆጠረው የዳነው ከብት ነው፤ ከዚያም አልፎ መድኃኒቱን ያልወሰደው መንጋ ምን ላይ እንዳለ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ያለ መድኃኒትም የሚለቅ በሽታ ብዙ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃም በዚሁ ሥርዓት ሊመዘን ይገባል፤ መመዘንም ይቻላል።

ሐሳቡ በሌላው ዓለም ከተጀመረ ቆይቷል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዊልያም ሰዘርላንድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች የታተሙ ጥናቶችን እየሰበሰቡ፣ እያንዳንዱ የጥበቃ ርምጃ ማለትም አጥር ማጠር፣ ሰው ሠራሽ ጎጆ መስቀል፣ ግጦሽን መገደብና የመሳሰለው ሁሉ ጠቃሚ መሆን አለመሆኑን በባለሙያዎች ቡድን ያስመዝናሉ። አንዳንዱ ርምጃ ይጠቅማል ይባላል፤ አንዳንዱ አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል ይባላል። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ግን ስለ ጠቃሚነቱ በቂ ማስረጃ የሌለበት የሚለው ክፍል ስፋቱ ነው። ለብዙ ዓመታት ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ርምጃዎች በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል።

እንዲህ ያለው ምዘና የሚያመጣውን ለማሳየት ሁለት የውጭ አገር ምሳሌዎችን ባጭሩ ልጥቀስ። በእንግሊዝ አዳዲስ አውራ ጎዳናዎች የሌሊት ወፎችን የመብረሪያ መስመር ስለሚያቋርጡ፣ ወፎቹ ከመኪና ከፍታ በላይ ሆነው እንዲሻገሩ በማሰብ ከመንገዱ በላይ የሽቦ ድልድዮች ተሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ድልድዮቹ ከተሠሩ ከዓመታት በኋላ እንኳ አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች እንደማይጠቀሙባቸው፣ በቀድሞ መስመራቸው በመኪና ከፍታ ላይ መሻገራቸውን እንደቀጠሉ አሳየ። ሁለተኛው ምሳሌ ከአፍሪካ ነው። ካሩ በተባለው የደቡብ አፍሪካ ደረቅ ሜዳ ትልልቅ ወፎች ከኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ሽቦ ጋር እየተጋጩ ስለሚሞቱ፣ ተመራማሪዎች በሽቦው ከፊል ላይ ከሩቅ የሚታዩ ምልክቶችን አንጠልጥለው ሌላውን ከፊል እንዳለ ተዉትና በሁለቱም ሥር የሚወድቀውን ሬሳ ለዓመታት እየቆጠሩ አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ውጤት ምልክቱ የትልልቅ ወፎችን ግጭት በጥቅሉ በ51 በመቶ፣ ሰማያዊ ክሬን የተባለውን ወፍ ግጭት ደግሞ በ92 በመቶ እንደቀነሰ፣ ባስታርድ በሚባሉት ከባድ የሜዳ ወፎች ላይ ግን ለውጥ እንዳላመጣ አረጋገጠ። አንዱን ወፍ በሚገባ የጠበቀ ምልክት ለጎረቤቱ ምንም አልፈየደም ማለት ነው። ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚነሣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ሆለታ ይመጣል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ እርጥብ ሜዳዎችም ክሬኖች፣ ዝዮችና ጥንብ አንሳዎች ይመላለሳሉ። በእነዚህ ሽቦዎች ሥር የሚወድቀውን መቁጠር የሚጠይቀው የሚመላለስ ሰው፣ መመዝገቢያ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

የጥንብ አንሳዎች ጉዳይ ለአካባቢያችን ይበልጥ ስለሚቀርብ ሰፋ አድርጌ ላንሣው። ቄራዎች ለእነዚህ ወፎች ከፍተኛ የምግብ ምንጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ውስጥ በኢትዮጵያ ቄራዎች ላይ በተደረገ የብዙ ዓመት ክትትል፣ በዓለም ደረጃ እጅግ አስጊ ሁኔታ ላይ ከሚገኙት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ወደ ቄራዎቹ የሚመጡት ቁጥራቸው እየቀነሰ፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ቁጥር ግን እየጨመረ መሄዱ ታይቷል። ለዚህ ችግር ሰው ሁሉ የየራሱ መፍትሔ አለው። ውሾቹ ምግቡን ስለቀሟቸው ነው የሚለው ቄራው ይታጠር ይላል። ምግብ አንሷቸው ነው የሚለው የተለየ መመገቢያ ቦታ ይዘጋጅ ይላል። መርዝ ጨርሷቸው ነው የሚለው የመርዝ አጠቃቀም ይገደብ ይላል። ሦስቱም ምክንያቶች ሚዛን የሚደፉ ይመስላሉ፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ርምጃና ገንዘብ ግን የተለያየ ነው። ምክንያቱ ሳይለይ ለአንዱ በጀት ከተመደበለት ሥራው በሚገባ ተጠናቅቆ፣ ተመርቆና ተዘግቦ እያለ ወፎቹ ሊያልቁ ይችላሉ።

በሕንድና በፓኪስታን የደረሰው ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን ይቆጠሩ የነበሩ የደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመቶ ከ95 በላይ አለቁ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎች የጠረጠሩት ተላላፊ በሽታ ነበር፤ በዚያ ጥርጣሬ ብቻ ቢሠራ ኖሮ ገንዘቡ ሁሉ በሌለ ተሐዋሲ ፍለጋ ላይ ይውል ነበር። በፓኪስታን የሞቱትን ወፎች ሬሳ አንድ በአንድ የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ወፎቹን የገደላቸው ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት እንደሆነ አረጋገጡ። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት ሥጋ የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይውል ከለከሉ። በምትኩ የቀረበው ሜሎክሲካምም ቢሆን ጥንብ አንሳዎችን እንደማይጎዳ በሙከራ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ለገበሬው የተሰጠው። ከእገዳው በኋላ የወፎቹ መመናመን ፍጥነቱ መቀነሱ በቆጠራ ታይቷል። እኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ይህን ታሪክ በሚገባ ልናውቀውና ለከብት የምናዝዘውን የሕመም ማስታገሻ በዚህ ዓይን ልንመርጥ ይገባናል።

በአፍሪካ ያለው ሁኔታ ደግሞ ከእስያው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አህጉር አቀፍ ጥናት ከተመዘገቡት የጥንብ አንሳ ሞቶች 61 በመቶው በመርዝ፣ 29 በመቶው ለባህል መድኃኒት በሚደረግ ንግድ፣ 9 በመቶው በኤሌክትሪክ ሽቦ የደረሱ መሆናቸውን ገልጿል። መርዙ ብዙ ጊዜ የታለመው ለጥንብ አንሳ አልነበረም፤ ከብት ለበላ ጅብ ወይም አንበሳ በሬሳ ላይ የተነሰነሰ ነው። በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ የማስወገድ ልማድ ስላለ፣ የተመረዘው ውሻ ሬሳ የት እንደሚጣልና ማን እንደሚበላው መጠየቅ የጥበቃ ሥራ አንዱ አካል ሊሆን ይገባል። አጥሩንም ቢሆን መፈተን ይቻላል። በአዲስ አበባና በሸገር ከተማ ዙሪያ ካሉት ቄራዎች መካከል የተወሰኑት በዚህ ዓመት ውሻ እንዳይገባባቸው ቢታጠሩ፣ የቀሩት ደግሞ በሚቀጥለው ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ቢታጠሩ፣ በሁሉም ላይ ውሻውና ወፉ በተመሳሳይ መንገድ ቢቆጠር፣ አጥሩ ጥንብ አንሳውን መጥቀሙ ወይም ውሻውን ወደ ሌላ ሰፈር ማባረሩ ብቻ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ይታወቃል። ወጪው ያው ለአጥሩ የሚመደበው ወጪ ነው፤ የሚጨመረው የቆጣሪዎቹ አበል ነው።

ወደ ጅብ ልለፍ፤ በከተማው ዙሪያ ከሰው ጋር በብዛት የሚጋጨው አውሬ እርሱ ስለሆነ። አህያ ወይም ጥጃ በተበላ ቁጥር የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ ጅቡን ማስገደል ነው፤ ሀብቱን በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ጅቡ መቼና ለምን ወደ በረት እንደሚመጣ የሚያሳይ የአገራችን ማስረጃ አለ። በትግራይ፣ በመቀሌ ዙሪያ ባለው በእንደርታ ወረዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት የጅብ ኩስ እየሰበሰበ በውስጡ ያለውን ጠጉር በመመርመር፣ የአህያ ጠጉር የተገኘበት ኩስ ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8 በመቶ እንደነበረ፣ በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ እንደወጣ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ወደ 22.2 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። ምእመናን ሥጋ በማይበሉባቸው 55 ቀናት እርድ ስለሚቀንስ ጅቡ ከየደጁና ከየሥጋ ቤቱ የሚለቃቅመው አጥንትና ተረፈ ምርት ያጥረዋል፤ በዚያ ጊዜ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። በመቀሌ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ምርት እንደሚያነሱ፣ በዚህም እንደ አባ ሰንጋ ያሉ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ሥርጭት እንደሚቀንሱ ገምቷል።

ይህ ማስረጃ ለሱሉልታ፣ ለሰበታና ለሰንዳፋ ገበሬ ምን ይነግረዋል? አህያው የሚበላበት ወቅት አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ጥበቃውም በዚያ ወቅት ላይ ሊያተኩር ይችላል። ከቅበላ በፊት የአህያ ማደሪያዎችን በጠንካራ እንጨትና በሽቦ ማጠናከር፣ አህያ በጾሙ ሌሊቶች ውጭ እንዳያድር ማድረግ፣ የሞተ ከብት ከመንደር ራቅ ብሎ በሚታወቅ ቦታ እንዲጣል መወሰን ከጥይት የሚቀል ርምጃ ነው። ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ እምነቴ ግን ማስረጃ አይደለም። በእንደርታ የታየው የሥጋና የቆሻሻ አወጋገዱ ከመቀሌ አካባቢ በሚለየው በአዲስ አበባ ዙሪያ እንዲሁ መደገሙ ራሱ መረጋገጥ አለበት። የተወሰኑ ቀበሌዎች በዘንድሮው ጾም፣ ሌሎቹ በሚቀጥለው ዓመት ጾም ርምጃውን እንዲጀምሩ ተደርጎ በሁሉም የተበላው አህያና ጥጃ በየቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ቢመዘገብ መልሱ ይገኛል። ኬላዎቹ የመመዝገብ ልምድ አላቸው፤ እስካሁን ይህንን መዝግቡ ያላቸው የለም።

ማስረጃ ገንዘብ እንደሚቆጥብም ከባሌ ተራሮች መማር ይቻላል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ይኖራሉ። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾች ለዓመታት ሲከተቡ ቆይተዋል፤ ይህም ለሰውና ለከብት የሚበጅ ሥራ ነው፤ ሆኖም በሽታው ተመልሶ ወደ ቀበሮዎቹ መግባቱ አልቀረም። በውሾች መካከል በሽታውን ለማቆም 70 በመቶ የሚሆኑት መከተብ እንዳለባቸው ይታወቃል፤ ውሻ ከከብት ጋር ወደ ደጋው በሚወጣበትና በየጊዜው አዲስ ቡችላ በሚወለድበት አካባቢ ይህን መጠን ጠብቆ መቆየት ከባድ ነው። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ በበሽታው ከተመታው ሸለቆ ጋር የሚያገናኘውን መተላለፊያ ይዘው የሚኖሩት ቀበሮዎች ራሳቸው ተይዘው ተከተቡ። ያንን መረጃ መሠረት አድርጎ በ2006 የታተመው ትንተና ቀበሮዎቹን ሁሉ መከተብ ሳያስፈልግ፣ በመተላለፊያዎቹ ያሉትን የተወሰኑትን ብቻ በመከተብ ከሁሉም የከፋውን ዕልቂት መከላከል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያም በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚበላ ክትባት ተሞክሮ፣ ቀበሮዎቹ መብላታቸውና በደማቸው ውስጥ መከላከያ መፈጠሩ ተመርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በመደበኛነት መሰጠት ጀመረ። እያንዳንዱ ርምጃ የተወሰደው ያለፈው ርምጃ ያስገኘው ከተለካ በኋላ ነው። በአገራችን ሰዎች፣ በአገራችን ተራራ ላይ የተሠራ ሥራ ስለሆነ ይህ አሠራር ለእኛ አይሆንም የሚል ሰው ካለ ባሌን እንዲያይ እጋብዘዋለሁ።

አሁን ከሁሉም ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ወደ ሱሉልታ ሜዳና እርሱን ወደሚመስሉት ረግረጋማ ቦታዎች እመጣለሁ። የችግኝ ተከላ በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ትልቅ አገራዊ ሥራ ሆኗል። ዛፍ በቦታው ሲሆን ለዱር እንስሳ ቤት መሆኑን አልክድም። ከከተማው በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ ይነገራል፤ ዛሬም ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል። ሣር ሜዳ ግን የተራቆተ ደን አይደለም። በሱሉልታና በአካባቢው ባሉ እርጥብ ሜዳዎች ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙ፣ እንደ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ያሉ ወፎች አሉ፤ እነዚህ የሚኖሩት ክፍት በሆነ ሣርና በውሃ ዳር ነው። በሜዳው ላይ ባሕር ዛፍ ቢተከልና ጽድቀቱ መቶ በመቶ ቢሆን፣ በችግኝ ቆጠራ ታላቅ ስኬት ተብሎ የሚመዘገበው ሥራ ለእነዚህ ወፎች ቤታቸውን ማጣት ነው። ጽድቀት የችግኙን ሕይወት እንጂ በቦታው ይኖር የነበረውን ፍጥረት ሕይወት አይለካም።

ከአዲስ ዓለም ወዲያ በሚገኘው የበርጋ ረግረግ ያለው ታሪክ ነገሩን የበለጠ ያብራራዋል። በሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ የምትባል፣ በሣር ውስጥ ተደብቃ የምትኖር ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ ወፍ በክረምት ወራት እዚያ ትራባለች። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቿ ከ250 እንደማያልፉ ይገመታል። በበርጋ መራባቷ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ቦታውን ለመጠበቅ ሲሠራ ቆይቷል። ለረጅም ጊዜ ወፏ የምትራባው በኢትዮጵያ ብቻ እንደሆነና በደቡብ አፍሪካ የሚታዩት የማይራቡበትን ወቅት ለማሳለፍ የሄዱ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር፤ በዚያ አገር ተመራማሪዎች በሣሩ ውስጥ አውቶማቲክ ካሜራ አስቀምጠው እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያም ጫጩት እንደምታሳድግ አረጋገጡ። አንድ ካሜራ ለዓመታት የተያዘን ግምት ከለወጠ፣ ሣር መቼ እንደሚታጨድና ከብት መቼ እንደሚገባ የምናወጣቸው ደንቦች በግምት ብቻ ሊጸኑ አይገባም።

በበርጋም ሆነ በሱሉልታ ገበሬው ሣሩን ይፈልገዋል፤ ድርቆሽ ለከብቱ መኖ፣ ለቤቱም ገቢ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከብት እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ቢወጣ የሚከፍለው ገበሬው ነው፤ ከእርሱ ይህን መሥዋዕትነት ከመጠየቃችን በፊት ደንቡ በእርግጥ ወፏን እንደሚጠቅም የማወቅ ግዴታ አለብን። ረግረጉን በክፍል በክፍል ለይቶ፣ በከፊሉ ባለመሬቶቹ የመኖ ማካካሻ እየተሰጣቸው ግጦሹ እንዲዘገይ፣ በከፊሉ እንደ ልማዱ እንዲቀጥል ማድረግና በሁለቱም የወፏን ድምፅና ጎጆ መከታተል ይቻላል። ለዚህ ሥራ ከሣር አጫጆቹ የተሻለ ረዳት አይገኝም። የትኛው ቦታ ላይ ምን ወፍ ብድግ እንደሚል የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ እውቀታቸው በደብተር ላይ ሲሰፍርና ከዓመት ዓመት ሲነጻጸር ማስረጃ ይሆናል።

ማነጻጸሪያ ቦታ ለምን እንደማጠብቅበት ግልጽ ላድርግ። በአንድ ረግረግ አጥር ከመታጠሩ በፊትና ከታጠረ በኋላ ወፍ ቆጥሮ ጭማሪውን ለአጥሩ መስጠት ትክክል አይሆንም። ያ ዓመት ዝናቡ የበረከተበት ከሆነ ባልታጠረውም ረግረግ ወፉ ይበዛል፤ ድርቅ ከሆነ ደግሞ የጠቀመ አጥር ከንቱ ይመስላል። አጥር ያልታጠረበትን ተመሳሳይ ረግረግ በፊትም በኋላም አብሮ የቆጠረ ሰው ግን የዝናቡን ድርሻ ከአጥሩ ድርሻ መለየት ይችላል። ብዙዎቹ ሪፖርቶቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከሥራው በፊት የተቆጠረ ቁጥርም የሌላቸው አሉ።

የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። እንስሳቱ እያለቁ ጥናት እስኪያልቅ መጠበቅ የለብንም ይባላል። እንድንጠብቅ አልጠየቅሁም፤ የምጠይቀው ሥራው ሲጀመር በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን ከመጀመር ይልቅ በተራ እንዲጀመርና ተራቸው ያልደረሰው ቦታዎች እንደ ማነጻጸሪያ እንዲያገለግሉ ነው፤ በጀት ስለማይበቃ አብዛኛው ሥራ ዛሬም የሚሠራው በተራ ነው። ገንዘብ የለም ይባላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ተቋሞቻችን በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች አሉ፤ ጽሑፎቻቸው መደርደሪያ ላይ ከሚቀሩ ከአንድ ሥራ ውጤት ጋር ቢያያዙ አገርም ተማሪውም ይጠቀማሉ።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ ግን በይፋ የማይነገረው ነው። ያቀደው ሥራ እንዳልሠራለት በቁጥር አረጋግጦ የሚያቀርብ ኃላፊ በእኛ ዘንድ እንደደከመ ሰው ይታያል፤ ያልለካ ኃላፊ ግን ዕቅዱን መቶ በመቶ እንደፈጸመ ተቆጥሮ ይመሰገናል። ይህ እስካለ ድረስ ማንም ባለሙያ በገዛ እጁ ራሱን የሚያስወቅስ ቁጥር አይቆጥርም። አንድ ርምጃ እንደማይጠቅም በሚገባ ያረጋገጠ ቡድን ቀጣዮቹን አሥር ቀበሌዎች ከተመሳሳይ ወጪ አድኗልና ሊሸለም የሚገባው ነው። ይህን መለወጥ የሚችሉት ሪፖርቱን የሚቀበሉት የበላይ ኃላፊዎች ናቸው።

በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የኦሮሚያ ክልልና የሸገር ከተማ የሚመለከታቸው ቢሮዎች ለጥበቃ ሥራ በጀት ሲያጸድቁ የትኛው ዝርያ፣ በማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከየትኛው ማነጻጸሪያ ቦታ ጋር እንደሚቆጠር የሚገልጽ አንድ ገጽ አብሮ እንዲቀርብ ቢያስገድዱና ከበጀቱም ለቆጠራው ድርሻ ቢለዩለት ጅምሩ በቂ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በፋብሪካና በመንገድ ላይ ቅድመ ጥናት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ለተፈጥሮ ይጠቅማል ተብሎ በረግረግና በሣር ሜዳ ላይ የሚሠራ ሥራም ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ነፃ ሊሆን አይገባም። ቁጥሮቹ፣ ያልሠሩትም ሥራዎች ጭምር፣ ማንም ሊያነባቸው በሚችል መንገድ በአማርኛና በኦሮምኛ ይታተሙ።

ከጋዜጣችሁም የምጠይቀው አለ። በመጪው ክረምት ዘጋቢዎቻችሁ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሆለታ ወይም ወደ ሰበታ ለችግኝ ተከላ ወይም ለአጥር ምረቃ ሲመጡ፣ ከተተከለው ብዛት ጋር በቦታው ቀድሞ የነበሩት እንስሳት ምን ምን እንደሆኑና ተቆጥረው እንደሆነ ኃላፊዎቹን ጠይቀው መልሱን አብረው እንዲያወጡልን፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደዚያው ቦታ ተመልሰው ያንኑ ጥያቄ እንዲያቀርቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ